ሲሞላ እንሄዳለን

ማክሰኞ ረፋድ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ። ወደ አዳማ ተራ የያዘው አውቶቡስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ረዳቱ አንድ እግሩን መረገጫው ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አድርጎ «አዳማ! አዳማ! አዳማ!» እያለ ይጣራል። ከማለዳ ጀምሮ ሲጮህ ስለቆየ ድምፁ ሻክሯል። ውስጥ ከወንበሩ ግማሹ እንኳ አልተያዘም። መስኮት ዳር አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የራጅ ፊልም የያዘ ትልቅ ፖስታ ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ከሹፌሩ ጀርባ ከመርካቶ ዕቃ የገዛ ነጋዴ ካርቶኖቹን በእግሩ አጥሮ ስልኩን ይነካካል። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምንነሳው?» ይላሉ እናት።

«አሁን ነው እማማ። ሲሞላ እንሄዳለን።»

መቼ እንደሚሞላ እሱም አያውቅም።

ያው መናኸሪያ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ይመስላል። ሰልፉ ከመጫኛው ተነስቶ እየተጠማዘዘ እስከ በሩ ይደርሳል። ሻንጣ ያንጠለጠለ፣ ልጅ ያዘለ፣ የሥራ መታወቂያውን ከአንገቱ ያላወለቀ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ መግቢያውን ያያል። መኪና የለም። ወጥተው የነበሩት ገና አልተመለሱም፤ ገሚሶቹም አዳማ ላይ ባዶ ላለመመለስ ሰው እየጠበቁ ነው። ማክሰኞ መኪናው ቆሞ ሰው ይጠብቃል፤ ዓርብ ሰው ቆሞ መኪና ይጠብቃል። በሁለቱም ቀን የሚባክነው የተሳፋሪው ሰዓት ነው።

በአገራችን ከከተማ ከተማ፣ ከክልል ክልል የሚሄደው ሕዝብ አብዛኛው የሚጓዘው በግለሰቦች መኪና ነው። ትልልቆቹ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች፣ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ አካል የተሠራላቸው ቅጥቅጦች፣ ሚኒባሶችና አባዱላዎች በአብዛኛው የአንድ ሰው፣ የአንድ ቤተሰብ ወይም የጥቂት ሽርከኞች ንብረት ናቸው። ኮድ 3 ታርጋ ለጥፈው፣ በማኅበር ተመዝግበው፣ መንግሥት በወሰነላቸው ታሪፍ ይሠራሉ። ንብረቱ የግል ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን የሕዝብ ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ ነው።

መንገዱን መንግሥት ሠራው፤ መኪናውን ሕዝቡ ገዛው

ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የመጀመሪያዎቹን ብድሮች የወሰደችው በ1943 ዓ.ም. መግቢያ ሲሆን፣ ከእነሱ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለአውራ ጎዳና ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ጣሊያን የተዋቸውን መንገዶች መጠገን፣ ከዚያም አዲስ መክፈት የመንግሥት ሥራ ሆነ። በደርግ ዘመን የጭነቱም የሕዝቡም መኪና በጠበቀ የመንግሥት ስምሪትና ታሪፍ ሥር ቆየ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ገበያው ሲላላ መኪና ገዝቶ መስመር መግባት ጥቂት ጥሪት ላለው ሰው ሁሉ ክፍት ሆነ። በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። ሁለት አሥርት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የወረዳና የቀበሌ መንገዶች ተጨምረውበት ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል።

በዚያ ሁሉ አዲስ መንገድ ላይ መኪና ያሰማራው ማነው? መንግሥት አይደለም። ዕቁቡን የበላ ነጋዴ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህቱን ያማከረ ሹፌር፣ ቤቱን አስይዞ ከባንክ የተበደረ ጡረተኛ ነው። አስፋልቱ እንደደረሰ መጀመሪያ ቅጥቅጡ ይገባል፤ ከዚያ ሚኒባሱ፤ ከተማው ሲፋፋ ትልቁ አውቶቡስ ይከተላል። ማንም ጥናት አቅርቦ የመስመር ፈቃድ እስኪፈቀድ ሳይጠብቅ፣ ሰው ያለበትን ቦታ አሽትተው የደረሱት እነሱ ናቸው። ይህ ውለታ ቀላል አይደለም። ነፍሰ ጡሯን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ባለጉዳዩን ወደ ዞን ፍርድ ቤት ሲያደርሱ የኖሩት እነዚህ መኪኖች ናቸው።

በሰዓት የሚነሱ የሉም ማለት አይደለም። ሰላም ባስና ስካይ ባስን የመሰሉ ድርጅቶች ትኬት አስቀድመው ሸጠው፣ የወንበር ቁጥር ሰጥተው፣ ንጋት ላይ በተባለው ሰዓት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅማ መንቀሳቀስ ካስለመዱን ቆይተዋል። እነሱ ግን የሚያገለግሉት ረጅሙን መንገድና የተሻለ መክፈል የሚችለውን ሰው ነው። ሰው በየቀኑ የሚመላለስባቸው አጫጭር መስመሮች ማለትም አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ደብረ ብርሃን፣ አምቦ፣ ወሊሶና ቡታጅራ ዛሬም በተራ ነው የሚሠሩት።

ተራው

ተራ ማለት ይህ ነው። መኪናው መናኸሪያ ሲገባ ይመዘገባል፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጭናል። ፊተኛው ሳይሞላ ኋለኛው ሰው መጥራት አይችልም። ሲሞላ ተራ አስከባሪው ያያል፤ መውጫ ይቆረጥለታል፤ በሩ ይከፈታል። ደንቡ ከፍትሕ የመነጨ ነው። ተራ ባይኖር ጉልበተኛው ሰውን እየጎተተ ይጭናል፣ አዲስ መኪና ያለው አሮጌውን ያስርባል፣ ረዳት ከረዳት ይደባደባል። ተራ አንዱን ባለንብረት ከሌላው ባለንብረት ይጠብቀዋል። ተሳፋሪውን ከመጠበቅ ግን አይጠብቀውም። ደንቡ ሲወጣ እሱ የታሰበው ወንበር የሚሞላ ሰው ሆኖ እንጂ የሚቸኩልበት ጉዳይ ያለው ሰው ሆኖ አይመስለኝም።

ሒሳቡን እንየው። ታሪፉ የሚሰላው በኪሎ ሜትር ነው፤ በአውቶቡሱ ደረጃና በመንገዱ ዓይነት፣ አስፋልት ወይም ጠጠር በመሆኑ፣ ይለያያል። ባለንብረቱ ዋጋውን መጨመር አይችልም። ናፍጣው፣ የሹፌሩና የረዳቱ አበል፣ የጎማው እርጅና መኪናው በ20 ሰውም ሄደ በ45 ያው ነው። ስለዚህ ትርፉ ያለው በመጨረሻዎቹ ወንበሮች ላይ ነው። አሥር ወንበር ባዶ አድርጎ የወጣ መኪና የቀኑን ትርፍ ጥሎ ነው የሚወጣው። ሹፌሩ አልነሳም ቢል ክፋት አይደለም፤ ገቢው የታሰረው በሰዓት ሳይሆን በሰው ራስ ላይ ስለሆነ ነው።

በተሳፋሪው በኩልስ? 45 ሰው በአማካይ 40 ደቂቃ ቢጠብቅ፣ ከአንድ መኪና ላይ ብቻ 30 ሰዓት ይባክናል። የአንድ ሠራተኛ አራት የሥራ ቀን ገደማ ማለት ነው። ይህ ወጪ በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ተራ ሌላም ጣጣ አለው። ግማሽ ቀን ቆሞ የጫነ መኪና የጠፋውን ጊዜ መንገድ ላይ ሊያካክስ ይፈልጋል። ሌላ ተራ ለመያዝ ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ይበራል። መናኸሪያው በደንቡ ልክ ጭኖ ያስወጣዋል፤ ከበሩ ርቆ ሲሄድ ግን ትርፍ ሰው ይጭናል፤ ለ12 ሰው በተሠራ ሚኒባስ ውስጥ 15 እና 16 ሰው ይቀመጣል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ «እባክህ ዝቅ በል ወንድሜ» ይባላል። ሌላው ደግሞ መናኸሪያ ሳይገባ መንገድ ዳር ይጭንና ተራ የያዘውን ያከስረዋል። በመንገዶቻችን ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያልቃል። ለዚህ የሹፌሩን ሥነ ምግባር ብቻ መውቀስ የተለመደ ነው። ፍጥነቱ ግን የሚጀምረው ገና መኪናው ሳይነሳ፣ መናኸሪያ ውስጥ በቆመበት ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

አዳማ መስመር

የአዲስ አበባ–አዳማን መስመር ለይቼ የማነሳው አለምክንያት አይደለም። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ሊመለስበት የሚችል፣ የሚመለስበትም መንገድ ነው። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የተማረረ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ኖሮ ካዛንቺስ ይሠራል፤ አዲስ አበባ የሚኖር መምህር አዳማ ያስተምራል፤ ዱከም ባለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚሠራው በሺዎች የሚቆጠር ወጣት ከሁለቱም አቅጣጫ ይመጣል።

መስመሩ መንገድም አልጎደለበትም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ያለ ትራፊክ መብራትና ያለ ጋሪ አዳማ ያደርሳል። በአሮጌው መንገድ በከባድ መኪና ሰልፍ ውስጥ ተዳክሮ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ጉዞ ወደ አንድ ሰዓት ወረደ። በባቡሩም በኩል ቢሆን ይህ አካባቢ የታደለ ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሞጆና አዳማን ከተማ አደረጋቸው። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ መሀል የራቁ ናቸው፤ ባቡሩም በቀን ደጋግሞ የሚመላለስ አይደለም። የባቡር ጣቢያው ያለበት ለቡ ድረስ ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ አዳማ ያደርሳል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጠዋት ሥራ የሚገባው ሰው አውቶቡስ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ሹፌሩ ካርድ ይወስዳል፤ መውጫው ላይ ያስረክባል፤ በየት እንደገባና በየት እንደወጣ ተመዝግቦ ክፍያው ይሰላል። መንግሥት አውቶቡሱ አስፋልቱ ላይ የሚሄደውን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ያው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቆም ግን የሚቆጥር የለም። መንገዱ ያተረፈልንን ሰዓት መናኸሪያው መልሶ ይወስደዋል።

መፍትሔው ሩቅ እንዳልሆነ የሚያሳየን ደግሞ ሰርቪሱ ነው። በዱከም፣ በገላንና በቦሌ ለሚ ያሉ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን የሚያመላልሱት አብዛኛውን ጊዜ ከግለሰብ በተከራዩት አውቶቡስ ነው። ጎህ ሳይቀድ መንገድ ዳር ተሰልፈው የሚቆሙትን፣ የምሳ ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው በሰፈራቸው ማዞሪያ ላይ የሚጠብቁትን ወጣት ሴቶች ልብ ያላለ ይኖራል? አውቶቡሱ በደቂቃው ይደርሳል። ባይደርስ ፋብሪካው ከኪራዩ ይቆርጣል፤ ውሉ እንዲህ ይላልና። ባይሞላም ይነሳል፤ የሚከፈለው ለጉዞው እንጂ ለሰው ራስ አይደለምና። ጠዋት ሠራተኛ አድርሶ ረፋድ ላይ መናኸሪያ ገብቶ ተራ የሚይዝ መኪና አለ። ሹፌሩ ያው ሰው ነው፤ መኪናውም ያው ነው። ሲነጋ ሰዓት አክባሪ የነበረው ሰው ረፋድ ላይ «ሲሞላ» የሚለው ጠባዩ ተለውጦ አይደለም። የሚከፈልበት መንገድ ተለውጦ ነው።

የሾፌሩን ስልክ ያዙ

አውቶቡሱ የሚያመላልሰው ሰው ብቻ አይደለም፤ የዕቃውንም ነገር ሳላነሳ ባልፍ ግማሹን መተው ይሆንብኛል። በማንኛውም መናኸሪያ ቆመው ለጥቂት ጊዜ ቢያስተውሉ፣ ምንም የማይጓዝ ሰው ወደ ሹፌሩ መስኮት ሲጠጋ ያያሉ። በእጁ የታሸገ ፖስታ ይዟል። ውስጡ ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ የስኳር መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ረስቶት የሄደው የትምህርት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው የተቀባዩ ስምና ስልክ ነው። ላኪው ለሹፌሩ ትንሽ ብር ይሰጣል፤ የታርጋውን ቁጥር ይጽፋል፤ ከዚያ ስልክ ይደውላል፦ «ነጭ ቅጥቅጥ ነው፣ አሁን ወጣ፣ የሾፌሩን ስልክ ያዙ።»

ደረሰኝ የለም፤ ዋስትና የለም፤ ግን ይደርሳል። ከላይ በፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ፦ ፍራሽ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ በገመድ የታሰረ ብስክሌት፣ በሸራ የተሸፈነ የሱቅ ዕቃ፣ በበዓል ሰሞን እግሩ የታሰረ በግ። የጎጃም ቅቤ አዲስ አበባ የሚደርሰው፣ የመርካቶ ልብስ ትንሿ የወረዳ ከተማ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚወጣው በዚህ ነው። አነስተኛ ነጋዴ የጭነት መኪና አይከራይም፤ ዕቃውን ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል። ስለ ክልል ከተሞች ንግድ ስናወራ በጣሪያ ላይ የሚጓዘው ይህ ገበያ በየትኛውም ሪፖርት ላይ በቅጡ ተጽፎ አላየሁም።

መስቀል ሲደርስ

የአሠራሩ ድክመት ሁሉ በአንድ ላይ የሚወጣው በበዓል ነው። በተለይ በመስቀል። ደመራ መስከረም 16 ነው፤ የጉራጌ ተወላጅ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት አዲስ አበባን ለቅቆ ይወጣል። የመርካቶ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የቆጠበ ሰው ለእናቱ ልብስ፣ ለአባቱ ጋቢ ይዞ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ እምድብር፣ ወደ ቡታጅራ ይሄዳል። የአየር ጤና መናኸሪያና የጅማ መንገድ በዚያ ሰሞን ይጨናነቃሉ።

ሁሉም ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ሄዶ ያደረሰ መኪና ባዶውን ይመለሳል፤ በታሪፍ ደግሞ ባዶ ለመመለስ የሚካስ የለም። ስለዚህ ታሪፉ ይጣሳል። ደላላው መሀል ይገባል፤ «ኮንትራት» ይባላል፤ እጥፍ ይጠየቃል። ተቆጣጣሪዎች ይወጣሉ፤ አንዳንዱን ይቀጣሉ፤ ከሌላ መስመር ተጨማሪ መኪና ያስመጣሉ። ይህ በየዓመቱ የሚሆን፣ ቀኑ በዘመን መቁጠሪያ ላይ የተጻፈ ነገር ነው። ገናም፣ ፋሲካም፣ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻም እንዲሁ ነው። ቀኑ ከታወቀ የባዶ መልሱን ወጪ አስቀድሞ አስልቶ፣ ለበዓል ሰሞን ብቻ የሚያገለግል ግልጽ ታሪፍ ማውጣት ይቻላል። ሰው ዋጋውን አስቀድሞ አውቆ ቢከፍል፣ መንገድ ዳር ከደላላ ጋር ሲከራከር ከሚከፍለው የሚከብድ አይመስለኝም። አስነዋሪው ነገር የዋጋው ከፍ ማለት ብቻ አይደለም፤ ልጅ ያዘለችው እናት ማታ ላይ፣ ሌላ አማራጭ እንደሌላት የሚያውቅ ሰው ፊት ቆማ መለመኗ ነው።

ባለንብረቱም ጫና አለበት

እስካሁን የተናገርኩት ባለንብረቱ ብቻውን ይጠቀማል የሚያሰኝ ከሆነ ልክ አይደለም። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለእሱም ከባድ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በግማሽ ወንበር እንዲጭን ታዘዘ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሳ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በቴሌብር የሚከፈል የታለመ ድጎማ ሆነ፤ ድጎማውን ለማግኘት ግን ነዳጁ መገኘት ነበረበት። ናፍጣ ፍለጋ ማደያ ደጃፍ ያደረ ሹፌር በየከተማው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ባለአንድ መኪናው ሰው የባንክ ዕዳውን በወር በወር ይከፍላል፤ ጎማውን ግን መቀየር ካለበት ቀን አሳልፎ ይነዳል። ያ ጎማ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርድ፣ ወይም ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲጠመዘዝ ምን እንደሚሆን ለማሰብ መኪና አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ሁሉንም የሚያስከነዳው ግን የጸጥታው ነገር ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች ቆመው፣ ከመቶ በላይ ሰው መታገቱ ተዘግቧል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በተለያዩ መስመሮች ሹፌሮችና ተሳፋሪዎች ታግተዋል፤ ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ማስለቀቂያ ከፍሏል። የቻለ በአውሮፕላን ይሄዳል። ያልቻለው አሁንም አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ኬላ ሲደርስ ወርዶ ይፈተሻል፤ መታወቂያውን ያሳያል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ሹፌሩ ደግሞ ነገም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ስለ አገር አንድነት የሚናገር ሰው ሁሉ ይህን ሹፌር ቢያስብ ደስ ይለኛል። አገሩን አገር አድርጎ የሚያገናኘው በተግባር እሱ ነውና፣ ጥበቃውም ከማንም በፊት ለእሱ ይገባል።

ምን ይደረግ

መንግሥት ሁሉንም አውቶቡስ ገዝቶ ያሰማራ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ አቅሙም የለውም፤ የግለሰቡ መኪናም ባይኖር ብዙ ወረዳ ባልተደረሰ ነበር። ተራ ይፍረስም አልልም። ተራውን ሳያፈርሱ ሰዓት ማስገባት ግን ይቻላል።

አሠራሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአንድ መስመር የሚሠሩ መኪኖች ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ ከእያንዳንዱ ጉዞ ጥቂት ብር ይሰበስብ። በዚያ ገንዘብ በሚቀዘቅዘው ሰዓት፣ ለምሳሌ ከረፋዱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ባይሞላም የሚነሳ አንድ መኪና ይመደብ፤ የባዶ ወንበሩ ሒሳብ ከጋራው ገንዘብ ይካስ። ምደባው በዙር ይሁን፤ ዛሬ የእኔ፣ ነገ የአንተ። ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሰው የ4 ሰዓቱ መኪና በ4 ሰዓት እንደሚነሳ ካመነ በሰዓቱ ይመጣል፤ በሰዓቱ ከመጣ መኪናው ይሞላል፤ ከሞላ ካሳው ራሱ ይቀንሳል። ሰላምና ስካይ በረጅሙ መንገድ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ሰው ትኬቱን አስቀድሞ የሚገዛው መኪናው እንደሚነሳ ስላመነ ነው። በአንዳንድ መስመሮች በስልክ ትኬት መቁረጥ ተጀምሯል፤ ጥሩ ነው። የመነሻ ሰዓት የሌለው የስልክ ትኬት ግን ሰልፉን ወደ ስልክ ከማዛወር አያልፍም።

ዓርብ ማታና ሰኞ ጠዋት ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋሉ። የሰርቪስ መኪኖች ሠራተኛ ካደረሱ በኋላ በመስመሩ ላይ ለሁለት ለሦስት ሰዓት እንዲገቡ መፍቀድ፣ ባዶውን ለሚመለስ መኪና መካስ፣ መናኸሪያው አዳማ ስንት መኪና እንዳለ ቃሊቲ ሆኖ እንዲያውቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለመጨረሻው አንድ ሠራተኛና አንድ ስልክ ይበቃል። ጥላ፣ መቀመጫና ንጹሕ መጸዳጃ ደግሞ ጥናት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚያስተናግድ ግቢ ውስጥ አለመኖራቸው ብቻ ይሰማን።

ለሹፌሮችና ለረዳቶችም አንድ ቃል አለኝ። «አሁን ነው» አትበሉ። ገና ከሆነ ገና ነው በሉ። የመድኃኒት መዋጫ ሰዓቷ የደረሰ እናት ወርዳ ቁርሷን በልታ ትመለሳለች፤ ተማሪውም ፈተናው እንዳያልፍበት ሌላ መኪና ይፈልጋል። እውነቱን የተነገረው ሰው ይታገሣል።

ዋናው ግን ከእናንተ በላይ ያለው አካል ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና የክልል ትራንስፖርት ቢሮዎች ታሪፍ ሲያወጡ ናፍጣውን፣ ጎማውን፣ የመንገዱን ዓይነትና ርቀቱን ያሰላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ለስሌት ሲቀመጡ የተሳፋሪውን ሰዓትም ይጨምሩበት፤ ሙከራውም በአዳማ መስመር ይጀመር።